ጉንጬን ነፍቼ፣ ማተቤን አስሬ

ማተብ አስሮ ጫት የሚቅም ክርስቲያን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንደዚያ ነበርኩ። መኪናዬ ውስጥ መዝሙር ተከፍቷል። መስተዋቱ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተንጠልጥሏል። ማርሹ አጠገብ ደግሞ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ በለጬ አለ። ተሳፋሪ ሲገባ ፌስታሉን ወንበር ስር እገፋዋለሁ። መዝሙሩን ግን አልዘጋውም። አንዳንዷ እናት «ተባረክ ልጄ፣ እንዳንተ ዓይነቱን ሹፌር ያብዛልን» ብላ መርቃኝ ትወርዳለች። እሷ ስትወርድ ፌስታሉ ይወጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊት የሠራ ሹፌር ይህን ታሪክ ሳልጨርሰው ያውቀዋል።

ስለ ጫት ልሰብክ አይደለም የመጣሁት። በጫቱ ፋንታ የራሳችሁን አስገቡበት። መጠጥ ይሁን፣ ቤቲንግ ይሁን፣ ማታ ማታ ስልክ ላይ የሚታይ ነገር ይሁን፣ ቤት ሲገባ ቤተሰብ ላይ የሚፈነዳ ቁጣ ይሁን። እኔ ማውራት የፈለግኩት ሰው ከወደቀ በኋላ ስላሉት ቀናት ነው። ዓመታት የበሉኝ እነሱ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን የጠፋሁት በቃምኩበት ሰዓት መስሎኝ ነበር። ወደ ኋላ ሳስበው ግን የጠፋሁት በማግስቱ ነው።

የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እንደ ብዙው ሰው ለፈተና ለማንበብ ብዬ። ዲግሪውን ይዤ ስወጣ ሱሱንም ይዤ ወጣሁ። በተማርኩበት ሥራ ሲጠፋ በአጎቴ መኪና የራይድ ሥራ ገባሁ። ሌሊት መንገዱ ክፍት ነው፣ ገንዘቡም ይሻላል። እንቅልፉ ግን አይቻልም። እና የምታውቁት ነገር መጣ።

በዚህ ሁሉ መሃል የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ። ከበሮ መቺ። ጥምቀት ላይ ታቦት አጅቤ ከበሮ ስመታ ያየኝ ሰው ሌላ ምንም አይጠረጥርም።

አካሄዱን ልንገራችሁ፤ ምናልባት የራሳችሁን ታዩበታላችሁ። ቅዳሜ ሌሊት እሠራለሁ፣ እቅማለሁ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሲገባ ምርቃናው ገና አልወረደልኝም። «በዚህ አፌ?» እላለሁ። «ይኼንን ነገር ልተወውና ንጹሕ ሆኜ እሄዳለሁ።» ሲሰማ ትሕትና ይመስላል። እግዚአብሔርን ማክበር ይመስላል። ሳምንቱ ያልፋል፣ የሚቀጥለውም ያልፋል። መጀመሪያ የቀረው የመቁረብ ሐሳቤ ነው። ቀጥሎ ቅዳሴው። ከዚያ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ስልክ ሲደውሉ አለማንሳት ጀመርኩ። ከበሮውን ሌላ ልጅ ወሰደው።

በመጨረሻ መሳለሙም ቀረ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስደርስ መሪውን በአንድ እጅ ይዤ ማማተብ ልማዴ ነበር። አሁን ማማተቡ ራሱ ያሳፍረኝ ጀመር። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? መንገድ ቀየርኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ላለማለፍ በውስጥ ለውስጥ እዞራለሁ። ተሳፋሪው «ለምን ዞርክ?» ሲለኝ «መንገዱ ዝግ ነው» እላለሁ። በነዳጅ ውድነት ጊዜ ከእግዚአብሔር ለመሸሽ ነዳጅ አቃጥያለሁ። ዛሬ ስናገረው ያስቀኛል።

የንስሐ አባታችን አልፎ አልፎ ቤት ይመጣሉ። ጸሎት ያደርሳሉ፣ ጸበል ይረጫሉ፣ እማዬም ቡና ታፈላለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሲመጡ እኔ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ጉንጬን ነፍቼ ተቀምጫለሁ። ድምፃቸውን ስሰማ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ።

«ልጃችንስ?» አሉ።

«ሥራ ወጥቷል፣ አባ» አለች እማዬ።

መኪናዋ ግቢው መሃል ቆማለች። ጫማዬ ደጃፉ ላይ ነው። አባ ዝም አሉ። ጸሎቱን አድርሰው ግቢውን እየረጩ ሲዞሩ እኔ ያለሁበት በር ጋ ደረሱ። ረጩት። ከበሩ ስር ያለው ክፍተት ሰፊ ነበርና ጸበሉ ገብቶ ካልሲዬን አረጠበው። ትንሽ ቆሙ። አላንኳኩም። ሄዱ።

እማዬ ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።

ከዚያ በኋላ በመጣው ዐቢይ ጾም ቆርጬ ተነሣሁ። እንደ እኔ ዓይነቱ ሰው ሲቆርጥ ደግሞ ልክ የለውም። ጫት በቃ። ሲጋራም በቃ። ጾሙን እስከ 9 ሰዓት። ጸሎቱን በቀን ሰባት ጊዜ፣ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት። ስግደት፣ ዳዊት መድገም፣ የሌሊት ሥራ ማቆም፤ ሁሉንም በአንድ ሰኞ። ለማን ተናገርክ ብትሉኝ ለማንም። የንስሐ አባቴን አላገኘኋቸውም። ሁሉን ጨርሼ፣ 55ቱን ቀን ጾሜ፣ ለትንሣኤ ነጭ ልብሴን ለብሼ ፊታቸው ልቆም ነው ሐሳቤ።

ዘወረደን፣ የጾሙን የመጀመሪያ ሳምንት፣ ጨረስኩ። ሁለተኛው፣ ቅድስትም አለፈ። ጫት ያቆመ ሰው ግን እንቅልፉና ስሜቱ እንደሚዛባ ማንም አልነገረኝም። አንዴ ቀን ሙሉ እተኛለሁ፣ አንዴ ሌሊቱን ሙሉ አፈጣለሁ። ዓይኔን ስከድን ዱካክ የሚሉት ቅዠት ይመጣል። ሰው ሁሉ ያስጠላኛል። በሦስተኛው ሳምንት፣ ምኩራብ ላይ ሐራራው አልቻል አለኝና ወደቅኩ። አወዳደቄም የዋዛ አልነበረም። ጸሎቱን፣ ጾሙን፣ ስግደቱን ሁሉን በአንድ ቀን ጣልኩት። «ጾሙን አንዴ አበላሽቼዋለሁ» ብዬ ረቡዕ ዕለት ክትፎ የበላሁ ሰው ነኝ። ልብ በሉልኝ፤ ጫት መቃሜና ክትፎ መብላቴ ምንም አይገናኙም። በወደቀ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ግን ይገናኛሉ።

በዚያው ሰሞን እሑድ ጠዋት አንዲት ተሳፋሪ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ተሳልሜ ልምጣ፣ ጠብቀኝ» ብላኝ ወረደች። ያቺው የምሸሻት ደብር። መስኮቱን ልዘጋ ስል የድምፅ ማጉያው ወንጌሉን ያሰማል። ለካ አራተኛው እሑድ፣ መጻጉዕ ነው። 38 ዓመት የታመመው ሰውዬ፣ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ይለዋል። ሰውዬው አዎ ወይም አይ አላለም። «በመጠመቂያው ውስጥ የሚያኖረኝ ሰው የለኝም» አለ።

ይህን ወንጌል ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ሰምቼው አላውቅም። ሰው የለኝም። እኔም የለኝም፤ ደግሞ ራሴ ነኝ ያሳጣሁት። በር ቆልፌ። ስልክ ዘግቼ። ብቻዬን ድኜ ለማሳየት።

ተሳፋሪዋ ተመልሳ መጣች። ምንም አልሆነም። ሰማይ አልተከፈተም፣ አላለቀስኩም። ቦሌ አደረስኳት። ማክሰኞ ግን ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

ስለ ንስሐው ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና። እኔ የፈራሁት አባ ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ንግግር አዘጋጅቻለሁ። «አባ፣ እኔ ብዙ ኃጢአት ያለብኝ፣ በሐሳብም በሥራም የበደልኩ...» እያልኩ ጀመርኩ። አስቆሙኝ።

«እሱን ሁሉም ይለዋል። ምን አደረግክ?»

ጫት ነው አልኩ። «ከመቼ ጀምሮ?» ነገርኳቸው። «ከማን ጋር? የት? በስንት ብር?» ይህን ለምን ይጠይቁኛል ብዬ ተናድጄም ነበር። ገንዘቡን ስደምረው ግን የወር ቤት ኪራይ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ያንን ቅዳሜ ነገርኳቸው፤ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነበርኩ አልኳቸው። ይህኛውን ለመናገር ከጫቱ ይልቅ ከበደኝ። አባ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ሌላስ?» አሉ። ይኸው ነው። ሌላስ? አልደነገጡም። እኔ ብቻ የሠራሁት የመሰለኝን ኃጢአት እሳቸው በየሳምንቱ ይሰሙታል።

ስጨርስ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን እንደጠፋሁ ጠየቁኝ። «መጀመሪያ ልተወው ብዬ ነው አባ፤ ንጹሕ ሆኜ ልምጣ ብዬ።»

«ካልታጠብኩ ወንዝ አልወርድም ያለ ሰው ነሃ አንተ» አሉኝ።

ቀኖናዬን ስጠብቅ ስግደት በመቶ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር። የሰጡኝ ነገር አሳነሰኝ። ጠዋት ቁልፍ ሳላዞር አንድ «አባታችን ሆይ»። ለጫት አወጣው የነበረውን የአንድ ቀን ብር በየሳምንቱ ደጀ ሰላም ላሉ ነዳያን። ከሰባቱ ሌሊት አርብና ቅዳሜን አለመሥራት። በደጁ ሳልፍ ማማተብ፤ ዞሬ እንዳልሄድ። እና የመጨረሻው፦ «በወደቅክ ቀን ደውልልኝ። በማግስቱ አይደለም፤ በዚያው ቀን።»

«ብወድቅ» አላሉም። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር። እኔ ያን ዕለት መልአክ ሆኜ ልወጣ ነው የመጣሁት። እሳቸው ግን ስንቱን አይተዋል።

ወደቅኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ እንዳልቆጥርም ነግረውኛል። የመጀመሪያውን ግን አስታውሳለሁ። ጓደኞቼ ያሉበት ቤት ጎራ አልኩ፣ «ሰላም ልበላችሁ» ብዬ ቁጭ አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ይታወቃል። መሃል ላይ ጸጸቱ መጣብኝና አፌ አመለጠኝ። «እኔ'ኮ ንስሐ ገብቼ ነበር» አልኩ። ሳቁ። ክፋት የለውም ሳቃቸው። አንደኛው «ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን፣ እግዜር መሐሪ ነው፣ ቁጭ በል» አለኝና የጫቱን ገራባ ጠርጎ ቦታ ሰጠኝ።

አሁን ሳስበው ያን ቀን ሁለት ሰዎች ትዝ ይሉኛል። ይሁዳና ጴጥሮስ። ይሁዳ አልተጸጸተም የሚመስለን አለን። ተጸጽቷል። ማቴዎስ ምዕራፍ 27 ላይ አለ፤ 30ውን ብር መልሷል፣ «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናግሯል። የተናገረው ግን ለማን ነው? አብረውት ለሸረቡት ለካህናት አለቆች። እነሱም «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ» አሉት። ብቻውን ወጣ፣ ብቻውን ሞተ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ፣ ምሎ ተገዝቶ፣ መራራ ልቅሶ አልቅሷል። እሑድ ጠዋት ሴቶቹ መቃብሩ ባዶ ነው ብለው ሲመጡ ግን የት ተገኘ? ከወንድሞቹ ጋር። በዚያ ፊቱ፣ በዚያ ኀፍረቱ እነሱ መሃል ነበር። እንዴት ቻለው እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እዚያ ባይገኝ ኖሮ በባሕሩ ዳር «ትወደኛለህን?» የሚለውን ጥያቄ ማን ይሰማው ነበር?

ያን ማታ ደወልኩ። ምርቃናው ላይ ሆኜ። ድምፄ ይታወቃል፣ ምላሴ ይፈጥናል። አባ ብዙ አላወሩኝም። «በል ጠዋት ኪዳን ላይ እንገናኝ» አሉኝ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰውን የጠዋት ጸሎት ነው። «አባ፣ በዚህ ሁኔታዬ?» ስል «ቅረብና ቁረብ አላልኩህም። ና ቁም ነው ያልኩህ» አሉ።

ይቺ ነገር ለእኔ ትልቅ ነበረች። ሥጋ ወደሙ ለመቀበል መዘጋጀት አለ። ንስሐው አለ፣ 18 ሰዓት መጾሙ አለ፣ የሰውነት ንጽሕናው አለ። በዚህ ቀልድ የለም፤ እኔም ቀልድ እንዲሆን አልፈልግም። እኛ ግን ያንን ጥንቃቄ ወስደን ለሁሉም ነገር አደረግነው። ለመቁረብ አልበቃሁምና አላስቀድስም፣ ለማስቀደስ አልበቃሁምና ኪዳን አልሄድም፣ ኪዳን ካልሄድኩ ቤቴ ለመጸለይ በምን አፌ። እንዲህ እያልን ሕፃን ሳለን የቆረብን ሰዎች ሽበት እስኪያወጣን እንጠብቃለን። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ግን ለመቆም ቦታ የማይገኝለት ሰው የለም። ቅኔ ማኅሌቱ አለ፣ ዐውደ ምሕረቱ አለ፣ ከግቢው በር ውጭ አጥሩን ተደግፎ ቆሞ የሚያስቀድስ አለ። ቅዳሴ ስትሄዱ አጥሩ ጋ የቆሙትን እዩዋቸው። ብዙ ጊዜ አንዱ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ከልምዴ የማካፍላችሁ ትልቁ ነገር ይህ ነው። በወደቃችሁበት ቀን የምታደርጉትን አስቀድማችሁ ወስኑ። ሳትወድቁ። በዚያ ሰዓት ጭንቅላት አይሠራም፤ ኀፍረቱ ነው የሚያስበው። የእኔ ውሳኔ ትንሽ ነበረች። ጠዋት «አባታችን ሆይ»ን በምንም ሁኔታ አልተውም። ሰክሬም ቢሆን፣ ቅሜም ቢሆን፣ ከእማዬ ጋር ተጣልቼም ቢሆን። አንዳንድ ቀን «ወደ ፈተናም አታግባን» ላይ ስደርስ ያስቀኛል፤ ፈተናው ወንበሩ ስር ነው ያለው። ግን እጨርሰዋለሁ። ረቡዕና ዓርብንም እጾማለሁ። ቃምኩ ተብሎ ክትፎ የለም።

ሁለተኛ፣ ተጠንቀቁ። «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል» የምትለዋን የምሳሌ 24 ቃል በርጫ ላይ ያልጠቀሳት የለም። «ይነሣማል» የምትለዋን የሚጨርሳት ግን ጥቂት ነው። እኔ ራሴ «ሰው ነኝ፣ ደካማ ነኝ» እያልኩ ሌላ እሽግ የገዛሁባቸው ጊዜያት አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ይህን ብልጠት ቀድሞ አውቆታል። «ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን? አይደለም» ብሎ ዘግቶታል። ልዩነቱን እንዴት ታውቃለህ ብትሉኝ፣ እኔ በስልኩ ነው የማውቀው። ከወደቅኩ በኋላ ለአባ ለመደወል ከከበደኝ ገና እየታገልኩ ነው። ቀልዬ «አባ፣ ያው እንደተለመደው» ያልኩ ቀን ግን እሳቸው ራሳቸው ተቆጡ። ያን ጊዜ ስግደቱም በመቶ መጣ።

ሦስተኛ፣ ሰውነታችሁንም አስቡት። አባ ጸበል ላኩኝ፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት። በዚያ ብርድ ሌሊት ወጥቼ ተጠምቄያለሁ፤ ጥርሴ ሲንገጫገጭ እስካሁን ይሰማኛል። ያው አባ ናቸው ደግሞ «ሐኪምም እይ» ያሉኝ። አማኑኤል ሆስፒታል ሄድኩ። እዚያ ነው እንቅልፌ ለምን እንደሚዛባ፣ ለምን ሁሉ ነገር እንደሚያስጠላኝ፣ ይህም እንደሚያልፍ በትክክል የተረዳሁት። እኔ ያንን ሁሉ «እግዚአብሔር ትቶኝ ነው» ብዬ ተርጉሜው ነበር። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪም ቤት መሄዱ የእምነት ጉድለት ነው የሚሉ ሰዎች ካጋጠሟችሁ፣ የእኔ የንስሐ አባት እንደዚያ አላሉም።

በዚያ ሰሞን የሰማሁት አንድ ታሪክ አለ። ሙሴ ጸሊምን ታውቁታላችሁ፤ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ የሽፍቶች አለቃ የነበረው፣ በኋላ አስቄጥስ በረሃ ገብቶ የመነነው። በዓሉ ሰኔ 24 ነው። እኛ ስንሰማው «ሽፍታ ነበር፣ መነኩሴ ሆነ» ብለን እናልፋለን። መሃሉን እንዘለዋለን። ገዳም ከገባ በኋላ የድሮው ኑሮ ምኞት ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። ተስፋ ቆርጦ ወደ መንፈሳዊ አባቱ ወደ አባ ኤስድሮስ መጣ። ኤስድሮስም ሳይነጋ ጣራ ላይ ይዞት ወጣና አብረው ጎሕ ሲቀድ አዩ። ብርሃኑ ጨለማውን ቀስ እያለ እንደሚያባርረው አሳየው። ያንተም እንዲሁ ነው አለው። ሌሊት የሚነዳ ሰው ይህን ለማመን መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስወርድ፣ መንጋት የጀመረበትን ደቂቃ አንድም ቀን ይዤው አላውቅም።

ቤተሰብ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልበል። እማዬ አልሰበከችኝም። ሌሎች ዘመዶች ሰብከውኛል፤ ያለቀሱብኝ አሉ፣ ሽማግሌ የሰበሰቡ አሉ። ከእነሱ ሸሽቻለሁ። እማዬ ግን ጠዋት በሩን ትቆረቁራለች። «ተነሥ፣ ኪዳን ሊገባ ነው።» ይኸው ብቻ። አልነሣም። ነገም ትቆረቁራለች። ትናንት አልተነሣህም ብላ አታውቅም። አንዳንዴ ተናድጄ ጮኬባታለሁ። «እሺ የኔ ጌታ፣ ተኛ» ትላለች። በማግስቱ ቆር ቆር። ከዚያ ሁሉ ሽምግልና የሠራው ይህ ነው።

ለሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሁሉ አልተናገርኩም። መናገርም አለብኝ ብዬ አላምንም። ምስጢሩ ከንስሐ አባት ጋር ነው። ግን አንድ ልጅ መረጥኩ፤ ከበሮውን የወሰደው ልጅ ነው። አርብ ማታ፣ ሥራ በማልሠራበት ሰዓት፣ ሐራራው ሲያስቸግረኝ ከእሱ ጋር ሻይ እንጠጣለን። ስለ አርሰናል ነው የምናወራው። መንፈሳዊ ወሬ የሚነሣው ከስንት አንዴ ነው። ሁሉ ሰው እንዲህ ዓይነት አንድ ሰው ቢኖረው።

አሁን ጫቱን ካቆምኩ ቆይቷል። ቆርቤያለሁም። ከሕፃንነቴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ስለዚያ ቀን ብዙ መጻፍ እችል ነበር፤ ግን አልጽፍም።

ምላሴ ግን አለ። የአዲስ አበባ መንገድ ላይ ምላሱ የዳነ ሹፌር ካለ አድራሻውን ላኩልኝ። ባለፈው ጾም ውስጥ አንድ ሚኒባስ ድንገት ገብቶብኝ ረዳቱን ከእናቱ ጀምሬ ሰደብኩት። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ መስተዋቱ ላይ ያለውን ሥዕል አየች፣ እኔን አየች። ምንም አላለችም። አወረድኳትና ማታ ለአባ ደወልኩ። «ሌላስ?» አሉኝ።

የንስሐ አባት የሌላችሁ ደግሞ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አረብ አገር ያላችሁ፣ ቀጣሪያችሁ ከቤት የማያስወጣችሁ እህቶች፣ አገር ቤት ያሉት የቤተሰባችሁ የንስሐ አባት በስልክ ሊያወሯችሁና ሊመክሯችሁ ይችላሉ፤ እናታችሁን ስልካቸውን ጠይቁ። እዚህ ያላችሁ ደግሞ አጥቢያችሁ ሂዱና ደጀ ሰላም ላይ «የንስሐ አባት መያዝ እፈልጋለሁ» በሉ። ማንም ለምን አይላችሁም። ብቻ በወርኃዊ በዓልና በንግሥ ቀን አትሂዱ፤ ካህናቱ ፋታ የላቸውም። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ኪዳን ሲያልቅ ጥሩ ነው። ግቢው ባዶ ይሆናል፣ ቁጭ ብሎ የሚሰማችሁ ታገኛላችሁ። ቅማችሁ የመጣችሁ ከሆነም ያንኑ ንገሯቸው፤ ከሽታው ያውቁታል።